ጀሪካን ውስጥ የተገጠመው ማክ

ለመሐል ሜዳ ከተማና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች፣ እንዲሁም በሀገር ውስጥም በውጭም ለምትገኙ የዚህ ቻናል ቤተሰቦች በሙሉ!

ከዛሬ ጀምሮ ኮምፒውተሬን ባና ማልበስ ያቆምኩ መሆኔን በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ።

ውሳኔው የመጨረሻ ነው። ይግባኝ የለውም።

ሳቁ... ግድ የለም። እኔም ይህን ታሪክ ሌላ ሰው ቢጽፈው ኖሮ የሳቅ ስቲከር ልኬ አልፈው ነበር።

ግን በእኔው ላይ ነው የደረሰው። በገዛ ዓይኔ አይቻለሁ... ከዓይኔ ይልቅ ደግሞ በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። "ጨምሮበታል" የሚል ካለ መሐል ሜዳ መናኸሪያ ወርዶ "ጀሪካን ውስጥ ኮምፒውተር የሠሩት ልጆች ሱቅ የት ነው?" ብሎ ይጠይቅ። ሁለት የሉም። እየሳቁም ቢሆን ያሳዩታል።

ደግሞ በጨለማ አልሆነም። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ሐምሌ ነው። ውጭ ረዳቶቹ "ደብረ ብርሃን! የሞላ!" እያሉ ባዶ ሚኒባስ ይጠራሉ።

ጉም ነበር።

የእኛን ጉም የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከጓሳ ደጋ ወርዶ ሳያንኳኳ ይገባል፤ ገብቶም አይቀመጥም... ቆሞ ያይሃል።

ሀዲስ እባላለሁ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተምሬ፣ በማዕረግ ተመርቄ... ዛሬ የሰው ሰርግ ቪዲዮ ላይ የሚበር ልብ እየለጠፍኩ እንጀራዬን እበላለሁ። ሱቁን የከፈትነው ከአብሮ አደጌ ከወዳጆ ጋር ነው። እሱ ዕቃ ይጠግናል፣ እኔ ልብ አበራለሁ።

ስለ ወዳጆ አንድ ነገር እወቁ። የሰው ድምፅ ያስመስላል። ቄሱን፣ ዳኛውን፣ ስብሰባ ላይ የሚያንቀላፋውን ኃላፊ... አንድ ጊዜ በእኔ ድምፅ እናቴ ጋ ደውሎ ነበር። እናቴ የነቃችበት "እንዴት አደርሽ" ብሎ ስለጠየቃት ብቻ ነው። "የእኔ ልጅ እንዲህ ጨዋ አይደለም" ብላ ዘጋችበት።

እንግዲህ አንድ ቀን የምሥራች መጣች።

የሞላሌ ልጅ ናት። ባለፈው ሚያዝያ ነው ያገባችው። ሰርጓን እኛ አልቀረጽነውም፤ የአጎቷ ልጅ ከአዲስ አበባ ድሮን ያለው ካሜራማን አምጥቶ ነበር። ለጥቂት ጊዜ አኩርፈናታል። አሁን ግን ጥቁር ለብሳ በር ላይ ስትቆም ኩርፊያዬ ከየት ይምጣ?

"ጋሽ ሀዲስ... ደህና ናችሁ?"

"ደህና ነን የምሥሬ። እግዜር ያጥናሽ። ግቢ።"

የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ከቋጠሮው ውስጥ ትንሽዬ ሃርድ ዲስክ አወጣች።

"ሰርጌ እዚህ ውስጥ ነው። ሌላው ይቅር... አባዬ ጉልበቱን ስስመው ያለውን ቦታ ብቻ አውጡልኝ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ ጋሽ ቅጣው እሷን ለአንድ የግሼ ወዳጃቸው ልጅ ሊድሯት ቃል ሰጥተው ነበር። እሷ እምቢ ብላ የመርሐቤቴውን የከብት ሐኪም አገባች። ጋሽ ቅጣው ለሰው አፍ ሲሉ ድንኳን ውስጥ ተቀመጡ። ሙሽራ ከአባቷ ቤት ስትወጣ ጉልበት ስማ ትመረቃለች። ሳይመረቁ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር የለብኝም።

"ስሜው ቀና ስል ፊቱን ወደ ሸራው አዙሮታል" አለች። "ጋቢው አፉን ሸፍኖታል። እማዬ 'በለሆሳስ መርቆሻል፣ አጠገቡ ነበርኩ' ትለኛለች። እኔ ግን... ከበሮው ነበር፣ እልልታው ነበር... ምንም አልሰማሁም።"

"ከዚያስ? በኋላ አልጠየቅሻቸውም?"

"መቼ ጋሼ? መልሳችን ሳይደርስ ሞተ። ለመልስ የተጠመቀው ጠላ ለለቅሶ ተጠጣ።"

ወዳጆ የመበየጃ ብረቱን አስቀመጠ።

"ባሌ ወደ መርሐቤቴ ተዛውሯል። ልንወርድ ነው" አለች። "ሳልመረቅ ግን አልወርድም። ረግሞኝም ከሆነ ልስማው። ብቻ... ልወቀው።"

እጇ ሆዷ ላይ ነበር። በርዷት ነው ብዬ አለፍኩት።

ዲስኩን ሰካሁት። አሮጌው ኮምፒውተራችን አሰበ... አሰበ... ከዚያ ጠየቀኝ።

ይህን ዲስክ ማንበብ አልቻልኩም። ፎርማት ላድርገው?

"እሺ በለዋ ጋሼ" አለች በጉጉት። "እሺ ካልከው ይከፍተዋል?"

"እሺ ካልኩት አባትሽን ያጠፋቸዋል።"

ነቀልኩት። ላብ አጠመቀኝ። በሐምሌ... መሐል ሜዳ ላይ!

ካሜራማኑ በማክ ነው የሠራው። ዲስኩም የሚከፈተው በማክ ነው። ስልኩ ላይ ደወልን፤ ቁጥሩ አይሠራም፤ ሰውዬው ውጭ ሀገር ሄዷል ተባለ። በእኛው ኮምፒውተር ይከፍታል የተባለ ፕሮግራም አወረድን፤ የፋይሎቹን ስም ደርድሮ አሳየንና "በውጭ ካርድ ክፈሉ" አለን። ማክ መግዛት ደግሞ... እንተወው። ማክ የምንገዛ ብንሆን ኖሮ ልብ አናበርም ነበር።

የምሥራች ከሄደች በኋላ ወዳጆ ሃርድ ዲስኩን አገላብጦ አየው። ከዚያ አለ፦

"እንሠራዋለን።"

"ምኑን?"

"ማኩን።"

የማታውቁ ካላችሁ ባጭሩ ላስረዳ። የማክ ሲስተም ከራሱ ፋብሪካ ማሽን ውጭ አልነሳም ይላል። ጨዋ ነው፤ ዘር ይቆጥራል። ግን ርካሽ ዕቃ ገጣጥመህ፣ ማሽኑን ውሸት አስተምረህ ማስነሳት ይቻላል። ሲነሳ "ማን ነህ?" ይባላል፤ "ማክ ነኝ" ይላል። "መለያህስ?" ይባላል፤ የፈጠራ ቁጥር ይሰጣል። ካመኑት ገባ፣ ካላመኑት ጠፋ። የብዙዎቻችን ሲቪ እንዲሁ ስለተሠራ አልደነቀኝም።

ያልደነቀኝ ያኔ ነው። በኋላ ግን አንድ ሐሳብ እንደ ቁንጫ ገባብኝ...

ስለ ራሱ ልደት የሚዋሽ ማሽን ስለ ሙት ቢመሰክር ይታመናል?

ዕቃ መሰብሰብ ጀመርን። ራሙን ከአሮጌው ኮምፒውተራችን ነቀልን። ፓወር ሳፕላዩን ወዳጆ ከደብረ ብርሃን ጥገና ቤት ለምኖ አመጣ። ኬዝ አልነበረንም፤ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ወገቡ ላይ ቆርጠን ሁሉንም እዚያ ውስጥ አሰርን። መልኩ ቅዳ የተባለ እንጂ አስላ የተባለ አይመስልም።

ቀረ ማዘርቦርዱ፣ ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ሰሌዳ። አንድ ቀን ጠዋት ወዳጆ በፌስታል ጠቅልሎት መጣ።

"ከየት አገኘኸው?"

"ከሰው።"

"ከየትኛው ሰው?"

"ከሚሰጥ ሰው።"

"ወዳጆ፣ እኔ ፖሊስ አይደለሁም።"

"ስለዚህ አትጠይቀኝ።"

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

ቦርዱ ላይ ጭቃ ነበር። ደረቅ... ከአዲስ መቃብር እንደሚወጣው ያለ ቀይ አፈር። በብሩሽ ሲያራግፈው አፈሩን መሬት ላይ አልጣለውም። በወረቀት ተቀብሎ ኪሱ ከተተው።

ይህን አየሁ።

ማሽኑን ለማስነሳት ስንታገል ከረምን። ጽሑፍ እንደ በረዶ ይወርዳል፣ መሃል ላይ ይቆማል፣ ድርግም። እንደገና። ድርግም። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ጭራሽ አልነሳም ይላል።

እዚህ ላይ ነው ባናው የሚመጣው።

ሌላው ዓለም ኮምፒውተሩን ለማቀዝቀዝ በፋን ላይ ፋን ይደርባል። የመንዝ ሰው ግን የማይንቀሳቀስ ነገር ሲያይ መጀመሪያ የሚመጣለት "በርዶት ነው" የሚል ነው። ወዳጆ ከቤቱ ባና አመጣ። እናቱ ከበጎቻቸው ፀጉር ፈትላ ያሠራችው፣ ሲደርቡት አጥንት የሚሰብር ባና። ጀሪካኑን እንደ አራስ ጠቀለልነው።

ሞኝነት ነው። አውቃለሁ። ተምሬበታለሁ። የተሸፈነ ኮምፒውተር ይቃጠላል።

ችግሩ ግን...

ተነሳ።

ያቺ የተገመጠች ፖም ስክሪኑ መሃል ብቅ አለች። ብቻዬን እልል አልኩ። መንገደኛ በር ላይ ቆሞ "ምን ተወለደ?" ብሎ ጠየቀ።

ባናውን ስገልጠው ጠፋ። ስመልሰው ተነሳ። ደግመን ሞከርነው። ሲገለጥ ይጠፋል... ሲለብስ ይነሳል።

እጄን በባናው ስር ሰደድኩ። ሲሠራ የዋለ ማሽን ነው፤ መንደድ ነበረበት።

በረዶ ነበር።

ፋኑም አይዞርም። ግን ከጀሪካኑ አፍ ትንፋሽ ይወጣል። ቀስ ያለ... ይወጣል... ይቆማል... ይወጣል።

"ወዳጆ... ና ንካው እስቲ።"

"ነክቼዋለሁ" አለኝ ሳይነሳ። "ተወው፣ ይሥራ።"

ሌላም ነገር ነበር። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽዬ ባትሪ ሞታለች። እሷ ስትሞት የማሽኑ ቀን ወደ ጥንት፣ ወደ ፋብሪካ ዘመኑ ይመለሳል። የታወቀ ነው። ይሄኛው ግን በተነሳ ቁጥር ወደ ባለፈው ሚያዝያ፣ ወደ አንድ እሑድ ይመለሳል። አስተካክለዋለሁ፤ ተመልሶ እዚያው።

ለየምሥራች ደውዬ እንደ ዋዛ ቀኑን ጠየቅኳት።

"እንዴ ጋሼ፣ የሰርጌ ቀን ነዋ! ምነው?"

"አይ... እንዲያው ነው።"

ዲስኩ ተከፈተ። ሰርጉ በሙሉ አለ። ድንኳኑ፣ ሚዜዎቹ፣ ከላይ በድሮን የታየችው ሞላሌ። ጉልበት ስሞሹንም አገኘነው። ካሜራማኑ ያን ቦታ በዝግታ ነው የቀረጸው፤ ሁሉም ነገር በውኃ ውስጥ እንዳለ ሰው ይንቀሳቀሳል።

ልክ እንዳለችው ነው። የምሥራች ተንበርክካለች። ጋሽ ቅጣው ወንበር ላይ ናቸው፤ ፊታቸው ወደ ሸራው ዞሯል። የሚታየው ማጅራታቸውና ጋቢያቸው ነው። ጋቢው አፋቸው ጋ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ንፋስ ይሁን ቃል... አልለየሁም።

ድምፅ ግን የለም።

በእንዲህ ዓይነት የተገጣጠመ ማክ ላይ የድምፅ ነገር ሁሌም ያስቸግራል። ዓለም በሙሉ የሚያለቅስበት ነገር ነው። ድምፅ የሚያስነሳውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ ቀያየርን፤ ስፒከር ቀያየርን። ሌላው ሁሉ ሲሠራ ማሽኑ ዲዳ ሆኖ ቀረ።

የምሥራች ደግሞ በማግስቱ ልትሄድ ነው። ባሏ ዕቃቸውን አስሯል።

የዚያን ዕለት ምሳ በልቼ ስመለስ የሱቁ በር ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የወዳጆ ድምፅ ይሰማል። በሹክሹክታ ነው።

"እሺ... እሺ ጋሼ... አይ፣ እሷ ራሷ ትምጣ..."

ገፋ አድርጌ ገባሁ። ብቻውን ነው። ባናው ላይ ጎንበስ ብሏል።

"ማንን ነው የምታናግረው?"

"ስልክ ነው።"

"ስልክህ እኔ ኪስ ነው ያለው። ቻርጅ አስደርግልኝ ብለህ ሰጥተኸኝ።"

አየኝ።

"እንግዲያው ስልክ አይደለም" አለ።

ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ የገባኝ መሰለኝ። እፎይም አልኩ፣ ተናደድኩም። ወዳጆ እየተለማመደ ነው! ጋሽ ቅጣውን ያውቃቸዋል፤ የገበያ ቀን በግ ሲሸጡ ሲከራከሩ ስንት ጊዜ ሰምቷቸዋል። ድምፃቸውን አስመስሎ ሊመርቃት ነው።

"ስማ" አልኩት። "ዳኛ አስመስል፣ ቄስ አስመስል፣ እኔን አስመስል። የሞተ አባት ድምፅ ግን አይቀለድበትም።"

"ማን ቀለደ?"

"ድምፁ ካልመጣ 'አልመጣም' ብለን እንነግራታለን። አለቀ። ማልልኝ።"

"በምን ላይ ነው የምምለው? ያላሰብኩትን?"

"ማልልኝ አልኩህ!"

"ሀዲስ..." አለ፤ ጋቢውን ወደ አፉ እየሳበ። "ልጅቷ ትምጣ። አይታ ትሂድ። ከዚያ ወዲያ ሁለታችንም ይህን ጀሪካን አንነካውም። ይበቃሃል?"

አልበቃኝም። ግን ሌላ አልሰጠኝም።

በማግስቱ እንግዲህ... ከጠዋቱ አራት ሰዓት።

የምሥራች ብቻዋን መጣች። ባሏ መናኸሪያ ዕቃ እየጠበቀ ነው። ጉሙ ተከትሏት ገባ። በሩን ዘጋሁት፤ ውስጥ የገባው ግን ውስጥ ቀረ።

"ጋሼ፣ መኪናው ሊሞላ ነው..."

"ቶሎ ነው። ግን የምሥሬ... ድምፅ የለውም። ቀድሜ ልንገርሽ። ድምፁ አልመጣልንም።"

ፊቷ ወረደ። ወዲያው ግን አጠነከረችው።

"ይሁን። የጋቢውን እንቅስቃሴ ልየው። መንጋጋው ከተንቀሳቀሰ ብሎኛል ማለት ነው። ምርቃት ይሁን እርግማን... እሱን እኔ አውቃለሁ። አባቴ ነው።"

ወዳጆ ጥግ ላይ ቆሟል። ጋቢውን እስከ ዓይኑ ድረስ ተከናንቧል። በብርድ ቀን ሁሉም ሰው እንዲያ ይለብሳል... እኔ ግን ዓይኔን ከእሱ ላይ አላነሳሁም። አፉን ሸፍኗል። አፉን ለምን ሸፈነ?

ቪዲዮውን ጀመርኩት።

ድንኳኑ። ሙሽራዋ በዝግታ ተንበረከከች። ማጅራት... ጋቢ...

ምንም።

ምንም።

ከዚያ የጀሪካኑ ትንፋሽ ቆመ።

ሰማሁ።

ከስፒከሩ አይደለም። ከባናው ስር ነው። የሽማግሌ ድምፅ... ሻካራ፣ ከሩቅ መንገድ እንደመጣ ሰው የደከመው።

"...ወልደሽ ሳሚ... ዘርተሽ ቃሚ... እንደ ሣራ ይባርክሽ..."

የማጅራቴ ፀጉር ቆመ። ቃሉ አዲስ አይደለም፤ በየሰርጉ የሚባለው ነው፤ ስንቱን ቆርጬ ቀጥያለሁ። ድምፁ ነው።

የምሥራች ከወንበሯ ተንሸራትታ ተንበረከከች። ከጠረጴዛው ፊት፣ ከሲሚንቶው ላይ።

"አሜን... አሜን... አሜን አባዬ..."

ወዳጆን አየሁት። ጋቢው አፉ ላይ ይንቀጠቀጣል። አንተ ነህ፣ አልኩ በልቤ። አንተው ነህ፣ ሌባ! ልሰድበው ፈለግሁ... ልስመውም ፈለግሁ።

ድንገት የምሥራች ቀና አለች። እንባዋ እየወረደ ትስቃለች።

"እንዴት አወቅህ?" አለችው ስክሪኑን። "አባዬ... እንዴት አወቅህ?"

ግራ ገባኝ። ይህን የሚያስጠይቅ ምንም አልሰማሁም።

ቪዲዮው አለቀና ቆመ። ተነሳች። ጉልበቷን አራገፈች። ፊቷ ሌላ ሰው ሆኗል... የሸክሙን ገመድ የፈቱለት ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ።

በሩ ላይ እጄን ያዘችኝ።

"ሰምታችኋል አይደል ጋሼ? 'ትርሲት በያት' አለኝ። ለባሌም እኮ ገና አልነገርኩትም። ለእማዬም... ለማንም! ሰምታችኋል አይደል?"

እጇ ሆዷ ላይ ነበር።

"ሰምተናል" አልኩ።

ዋሸሁ። እንደ ማሽኑ ያለ ውሸት... ሳላንገራግር። እኔ "ትርሲት" የሚል አልሰማሁም።

"እግዜር ይስጥልኝ። ወዳጆ፣ አንተንም!"

ወዳጆ ጋቢውን አፉ ላይ አጥብቆ ያዘ። ራሱን እንኳ አልነቀነቀም። እሷ ወደ ጉሙ ገባች። ረዳቱ ሲጠራት ሰማሁ፤ የመኪና በር ተዘጋ፤ ሄደች። ተመርቃ ሄደች።

በሩን መለስኩት።

"ጎበዝ!" አልኩት ወዳጆን። ለመሳቅ ሞከርኩ። "እሺ፣ አንደኛ ነህ። ጋሽ ቅጣው ራሳቸው ቢሰሙህ ይፈሩሃል። ግን የልጅቷን ነገር ማን ነገረህ? ትርሲቷን?"

ጋቢውን አላወረደም።

"ወዳጆ?"

ስፒከሩን አየሁት። ገመዱ ከጠረጴዛው ወደ መሬት ተንጠልጥሏል። ምንም ላይ አልተሰካም።

ማውሱን ያዝኩና የቪዲዮውን ዝርዝር ከፈትኩ። ርዝመት... መጠን... የምስል ዓይነት...

ድምፅ፦ የለም።

ድራይቨሩ አይደለም ያስቸገረን። ከመጀመሪያውም ድምፅ አልነበረውም። ያ ካሜራማን ያን ቦታ በዝግታ ሲቀርጸው ካሜራው ድምፅ አልቀዳም። ድራይቨር ስንቀያይር የከረምነው ለሌለ ነገር ነው።

"አንተ ነህ" አልኩት፤ ድምፄ ከፍ አለ። "ከጋቢው ስር ነው የተናገርከው። እኔ የሰማሁት ዝም ብሎ የሰርግ ምርቃት ነው፤ ለእሷ ደግሞ... ለእሷ በምን መንገድ... ወዳጆ፣ አንተ ነህ በለኝ! እባክህ አንተ ነህ በለኝ!"

ወዳጆ ጋቢውን ከአፉ ላይ ቀስ ብሎ አወረደ።

የታችኛው ከንፈሩ ደም ነው። አገጩ ላይ ወርዶ ጋቢው ላይ ክብ ሠርቷል።

"ነክሼው ነው" አለ በሹክሹክታ። "እንዳልጮህ።"

"ለምን ትጮሃለህ? ምርቃት ነው እኮ!"

"አንተ የሰማኸው ምርቃት ነው?"

"አዎ... 'ወልደሽ ሳሚ'..."

"እሷም ምርቃት ሰማች።"

"አዎ።"

"ደግ" አለ። "እንደዚያው ይሁን። ተመርቃለች። ሌላ ሰው ሌላ ነገር እንዳይነግራት።"

"ሌላ ምን? አንተ ምን ሰማህ?"

ወደ ስክሪኑ አየ። ሳልፈልግ ተከትዬ አየሁ።

ቪዲዮው መጨረሻው ላይ እንደቆመ ነው። ሙሽራዋ ተንበርክካለች። ወንበሩ አለ፣ ሸራው አለ፣ ጋቢው አለ።

ማጅራቱ የለም።

ጋሽ ቅጣው ዞረዋል። ጋቢው ከአፋቸው ላይ ወርዷል። ልጃቸውን አያዩም። እኔ ከቆምኩበት አለፍ ብለው፣ ወዳጆ ወደቆመበት ጥግ ነው የሚያዩት። አፋቸው ተከፍቷል... ቃሉን ጀምረው እንዳልጨረሱ።

ቪዲዮው ግን ቆሟል።

"ወዳጆ..." አልኩ። "ምን አሉህ?"

"አልነግርህም።"

"አብሮ አደግህ ነኝ።"

"አውቃለሁ።"

"እሺ አንድ ነገር ብቻ... ቃሉን ተወው። ስለ እሷ ነው? ወይስ... ስለ እኔ?"

አንድ እጁን ያን ቀይ አፈር የከተተበት ኪስ ውስጥ ሰደደ። ደሙን በመዳፉ ጠረገ።

"አልነግርህም" አለ።